የድሬዳዋን መሀል ከተማ ከነነዋሪው ማደስ፦ ከወሰን እስከ ንጣፍ

የዕቅዱ ሥዕል ካለቀ በኋላ ለውይይት የተጠራ ነዋሪ ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ማጨብጨብ ወይም ማማረር። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ነዋሪውን የሚያስገባው መስመር ከመሰመሩ በፊት ነው። ምሳሌ የሆነው የድሬዳዋ መሀል ነው፤ የደቻቱ ወንዝ ግራና ቀኝ፣ ከአሮጌው ምድር ባቡር ጣቢያ እስከ ቀፊራ ገበያ። ሳይጣደፉ ከሠሩት ከወሰን መለየት ዕቅዱ ምክር ቤት እስኪቀርብ 1 ዓመት ግድም መያዝ ይበጃል። በ3 ወር ጨርሱ ከተባላችሁ ወሰኑን አሳንሱ እንጂ ደረጃዎቹን አትዝለሉ።

1. ወሰን መለየት

ከዚራ በ1895 ባቡሩ ድሬ ሲደርስ በኩባንያው መሐንዲሶች የተቀየሰ ሰፈር ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ዛፉም በረድፍ ተተክሏል። መጋላ ደግሞ ገበያና የሰው እግር የሠሩት ሰፈር ነው፤ መተላለፊያው ይጠማዘዛል፣ ይጠባል፣ ሳይታሰብ ሰፋ ብሎ ገበያ ይሆናል። ደቻቱ በካርታ ላይ ሁለቱን የሚለይ ምቹ መስመር ስለሆነ ዕቅድ አውጪው ወሰኑን እዚያ ሊያቆም ይፈተናል። ከዚያ ከዚራ ይታደሳል፣ መጋላ ትርፍ ነገሮች የሚጣሉበት ጓሮ ይሆናል። የተነሣው የመንገድ ዳር ቸርቻሪም ባጃጁም ድልድዩን ተሻግሮ እዚያው ይከመራል።

ስለዚህ ወሰኑ ሁለቱንም ዳር ይያዝ፤ ድልድዮቹና የወንዙ አሸዋም ይግቡበት። ለአንድ የአካባቢ ልማት ዕቅድ ከ15 እስከ 25 ሄክታር ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ ቤት ለቤት ማጣራት አይቻልም። ዕቅዱን የሚያወጣው ቡድን ደግሞ ከ8 ሰው አይብለጥ፤ የከተማ ፕላን ባለሙያ፣ ቀያሽ፣ የፍሳሽ መሐንዲስ፣ የቅርስ ባለሙያ፣ የማኅበራዊ ጥናት ባለሙያ፣ ከነጋዴውና ከሴቶች ማኅበር አንዳንድ ሰው፣ አንድ የቀበሌ ሠራተኛ ይኑሩበት። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በቡድኑ ውስጥ የሚናገር ሰው ከሌለ ወደሚቀጥለው ደረጃ አትለፉ። ሐረሪ የሚችል ከተገኘ መጋላ ውስጥ ብዙ በር ይከፍታል።

2. የመነሻ ካርታ

በ1፡500 መጠን የታተመ ካርታ ይዛችሁ በእግር ዙሩ። ቢሮ ያለው ካርታ በረንዳውን፣ ከግድግዳ የወጣውን ቆርቆሮ ጥላ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶውንና የቦኖ ውኃውን አያሳይም፤ በኋላ ሥራ የሚያቆሙት ግን እነዚህ ናቸው። ለእያንዳንዱ ቤት 4 ነገር መዝግቡ፦

ይዞታው (የግል ከነይዞታ ካርታው፣ የይዞታ ካርታ የሌለው፣ የቀበሌ ቤት፣ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን፣ የሃይማኖት ተቋም)፤
ማን እንደሚኖርበት ወይም እንደሚሠራበት፣ ተከራይና ደባል ሳይቀር፤
ከመቼ ጀምሮ፤
ግድግዳው ከምን እንደተሠራ።

ደባል የሚለውን ዓምድ ዘልሎ የሚያልፍ ቡድን ብዙ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ቢያንስ ስሙ መዝገብ ላይ አለ፣ ምትክ ይጠይቃል። ከሱ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ እንጀራ የሚጋግረው ግን የትም አልተጻፈም። በመነሻ ካርታው ላይ ያልገባ ሰው በመጨረሻው የተነሺ ዝርዝር ላይ አይገኝም፤ ግጭቱም ከዚያ ይጀምራል።

የቅርስ ባለሙያው በዚሁ ዙር የቆዩትን ሕንፃዎች ይለይ፤ ጣቢያውና ወርክሾፑ፣ የከዚራ በረንዳ ያላቸው ሱቆች፣ የቀፊራ ቅስቶች። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በተመዘገበ ቅርስ ላይ ያለ ፈቃድ ጥገናም ለውጥም አይፈቅድም። በረንዳ ማፍረስ መንገድ ለማስፋት የመጀመሪያው ሐሳብ ሆኖ ስለሚመጣ ይህ ዝርዝር አስቀድሞ በእጅ ይኑር።

3. ቆጠራ

በ2 ቀን ቁጠሩ፤ አንድ ተራ የሥራ ቀንና አንድ ቅዳሜ። ሰዓቱ ከጠዋቱ 1 እስከ 3፣ ከ5 እስከ 6፣ ከ10 እስከ 12። በእያንዳንዱ መቁጠሪያ ጥግ 2 ሰው ይቁም፤ በየ15 ደቂቃው እግረኛ፣ ባጃጅ፣ የእጅ ጋሪ፣ መኪና፣ ሸክም የተሸከመ ሰው በየዓምዱ ይሞላ። ድልድዩ ላይ፣ ቀፊራ መግቢያ ላይ፣ ታይዋን ገበያ አፍ ላይ፣ ጣቢያው ፊት ለፊት ቁጠሩ። አርብ የጁምዓ ሰዓት ለብቻው ይቆጠር፤ በመስጊዶቹ ዙሪያ ያለው መንገድ ለዚያ ሰዓት አደባባይ ይሆናል፤ ዕቅዱም ያንን ማወቅ አለበት። የረመዳንና የበዓል ሰሞን ቁጥር ከሌላው ጊዜ ጋር አትደባልቁ።

ሸክምና የእጅ ጋሪ የሚሉት ዓምዶች ትርፍ ይመስላሉ። ንጣፉን የሚወስኑት ግን እነሱ ናቸው። ሸካራ ኮብልስቶን ለእግር ይመቻል፤ የሞላ ጋሪ የሚገፋ ሰው ግን ይሸሸውና አስፋልቱ ላይ ይወርዳል፣ ባጃጁም ከኋላው ይቆማል።

4. ጥላን መለካት

ድሬ ላይ የመንገድ ዕቅድ ከጥላ ይጀምራል። ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚሄድ መንገድ ላይ ቲማቲም የምትሸጥ ሴትዮ ተመልከቱ። ጠዋት ምንጣፏ በምሥራቅ በኩል ካለው ግድግዳ ሥር ነው፤ ጥላው እዚያ ነውና። 5 ሰዓት ላይ ጥላው ወደ ግድግዳው ይሸሻል፣ እሷም ሣጥኖቿን በእግሯ እየገፋች ትከተለዋለች። እኩለ ቀን ላይ ጃንጥላ ትዘረጋለች ወይም ከረጢት አልብሳው ትሄዳለች። 10 ሰዓት ላይ ስትመለስ መንገዱን ተሻግራ በምዕራብ በኩል ነው የምትዘረጋው። ሸቀጡ ቲማቲም ነው፤ ፀሐይ ላይ 1 ሰዓት ከቆየ ዋጋው ይወድቃል።

እንግዲህ ዕቅዱ የመንገዱን አንድ ጎን ብቻ «የችርቻሮ ቦታ» ብሎ ቀለም ቢቀባ፣ ግማሽ ቀን ማንም የማይቆምበት ቦታ ሠራ ማለት ነው። ደንብ አስከባሪው ሻጯን ከሌላው ጎን ሲያባርር ይውላል፤ እሷም ስትመለስ ትውላለች። መፍትሔው ሁለት ነው፤ በሁለቱም ጎን በየተራ የሚሠራ ቦታ መተው፣ ወይም በአንዱ ጎን ቋሚ ጥላ መሥራት።

የምትለኩት እንዲህ ነው። በ3፣ በ6 እና በ10 ሰዓት የጥላውን ጠርዝ በጠመኔ መሬት ላይ አስምሩ፤ ከግድግዳው ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ፤ ጥላው ውስጥ የተቀመጠውንና የቆመውን ሰው ቁጠሩ። 3 ወረቀት ላይ በ3 ቀለም ሲወጣ ዛፍ የት እንደሚጎድል ማንም ሳይነግራችሁ ይታያል። ልኬቱ የሚሠራው ለዚያ ወቅት ነው፤ በሰኔ የለካችሁትን በታኅሣሥ ድገሙት።

5. ጥሪ

ድሬ ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት ስብሰባ የጠራ የሚያወያየው ባዶ ወንበር ነው። ከ6 እስከ 9 ሰዓት ግድም ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ያርፋል፣ ከዚያ በኋላም የበርጫ፣ ማለትም የጫት መቃሚያ ሰዓት ነው። ለነጋዴ ከጠዋቱ 12፡30 ጀምሮ ገበያው ሳይሞቅ፣ ለሠራተኛ ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ለቀፊራ ሴቶች እዚያው መሸጫቸው ዘንድ ሂዱ። ገበያዋን ጥላ አዳራሽ የምትመጣ ሴት የዕለት ገቢዋን እየከፈለች ነው የምትናገረው፤ ይህን አትጠይቁ። በርጫውንም እንደ ጠላት አትዩት፤ ሰው ተቀምጦ፣ ሳይቸኩል የሚያወራበት ሰዓት ነው። ሁለት ጥያቄ ይዞ የሚቀመጥ አዋቂ የቡድን አባል ካላችሁ አዳራሽ ውስጥ የማይነገረውን ይሰማል።

የጥሪው መንገድ ማይክራፎን ከሆነ የሚመጣው ሁሌም የሚመጣው ሰው ነው። በዕድርና ዕድር መሰል በሆነው አፎቻ፣ በባጃጅ ማኅበራት፣ በጫት ተራ ሴቶች፣ በሸክም ሠራተኞች ተራ አስከባሪ፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን በኩል ጥሩ። የአገር ሽማግሌዎችን መጀመሪያ ለብቻ አነጋግሩ፤ አዋቂን በስተኋላ መጥራት ንቀት ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚሉት ሁሉ ስለ ንቀቱ ይሆናል። አካል ጉዳተኞችንም ለብቻ አትሰብስቡ፤ መንገዱን አብራችሁ ሂዱ፣ በዊልቸር የማይታለፈውን ጠርዝ አንድ በአንድ በካርታ ላይ ምልክት አድርጉ።

ስለ አበል፦ ውኃና ሻይ ይኑር፣ ከሩቅ ለሚመጣ የትራንስፖርት ይሰጥ፤ የስብሰባ አበል ግን አትክፈሉ። አበል በተከፈለ በሁለተኛው ስብሰባ ተሳታፊው ይቀየራል፤ ለአበል የሚመጣው ለቤቱ የሚመጣውን ቦታ ይይዛል።

6. ጠረጴዛው

መድረክ፣ የፊት ወንበርና አንድ ማይክራፎን ያለው አዳራሽ 5 ተናጋሪ ያፈራል። ለ60 ሰው 6 ጠረጴዛ አዘጋጁ፤ በየጠረጴዛው ከ8 እስከ 10 ሰው፣ በ1፡200 የታተመ ትልቅ ካርታ፣ አንድ አወያይና አንድ ጸሐፊ። ጸሐፊው በተናጋሪው ቋንቋ፣ በተናጋሪው ቃል ይጻፍ። «የመሠረተ ልማት ችግር አለ» ተብሎ የተጻፈ አስተያየት ዋጋ የለውም፤ «ከመስጊዱ ጀርባ ያለው ቱቦ በገራባ ተደፍኖ ውኃው ወደ ቤቴ ይገባል» የሚለው (ገራባ የጫት ትራፊ ነው) ግን ቦታም ምክንያትም አለው።

መጀመሪያ ሰው ቤቱን ካርታው ላይ ያግኝ፤ ይህ ብቻ 15 ደቂቃ ይወስዳል፣ አትቸኩሉ። ቤቱን ያላገኘ ሰው ስለ ሌላው አይናገርም። ከዚያ 3 ጥያቄ ብቻ ይነሣ፤ ምን አይነካ? ምን ቢነሣ ደስ ይላችኋል? ውኃው በ1998 እስከ የት ደረሰ?

ሦስተኛው ጥያቄ ለድሬ ዋናው ነው። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ውኃው የመጣው ከተማው ላይ ከዘነበው ብቻ አልነበረም፤ ደጋው ላይ፣ በደንገጎ አቅጣጫ ካሉት ተራሮች የዘነበው ደረቁን አሸዋ በደቂቃዎች ወንዝ አደረገው። ከዚያ ወዲህ የግድብ ግንብ ተሠርቷል፤ ግንቡ ያለበት ሰፈር ግን አደጋውን ይረሳል፣ አሸዋው ላይም ቀስ በቀስ ይዘረጋል። ያን ሌሊት የነበሩ ሰዎች ውኃው ደረታቸው ላይ የደረሰበትን ቤት ያውቃሉ። ምልክታቸውን በሰማያዊ ሰብስቡ፣ ቀያሹ ከፍታውን በመሣሪያ ይውሰድ፣ መሐንዲሱ ከስሌቱ ጋር ያስተያይ። ከሰማያዊው መስመር በታች መኖሪያ፣ ክሊኒክ፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ አይመደብም። ለሰዓታት ተነሥቶ የሚጠቀለል ገበያ ወይም የኳስ ሜዳ ይችላል፤ መውጫ መወጣጫው በየ50 ሜትር ከተሠራ ነው እሱም።

ከ3ቱ ጥያቄ በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው 10 ባቄላ ስጡ። ጥላ፣ ፍሳሽ፣ መጸዳጃ፣ የመንገድ መብራት፣ የእግረኛ መንገድ፣ የባጃጅ ማቆሚያ የተጻፈባቸው ሣህኖች ይደርደሩ። ሰው ባቄላውን በእጁ ሲያካፍል ምርጫው ይጠራል። የሴቶቹንና የወንዶቹን ባቄላ ለይታችሁ ቁጠሩ፤ መጸዳጃና መብራት ላይ ልዩነቱ ሲወጣ የሚገርመው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዕቅድ አውጪው ነው።

7. ኖራው

ሥዕል ማንበብ የማይችል ሰው ብዙ ነው፤ ሙያው ይህ ያልሆነ መሐንዲስም ጭምር ሊባል ይችላል። ረቂቅ አማራጭ ሲወጣ በወረቀት ብቻ አታሳዩት፤ በኖራ መሬት ላይ በትክክለኛ መጠኑ አስምሩት። 2 ከረጢት ኖራ፣ 50 ሜትር ገመድ፣ ሜትር፣ 4 ሰው ይበቃል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጀምራችሁ 2 ሰዓት ላይ ጨርሱ። 4 ሰዓት ላይ ባጃጅና እግር ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ወዲያው ፎቶ አንሡ።

መስመሩ የአንዱን በር ሲያቋርጥ ያኔ ነው እውነተኛው ውይይት የሚጀመረው። ባለቤቱ «50 ሳንቲ ሜትር ብትወስዱ ደረጃዬ ይቀራል፣ 80 ብትወስዱ ቤቴ ይቀራል» ይላል። ይህን ዓይነት ቁጥር የትኛውም መጠይቅ አያመጣውም።

8. መዝገቡ

እያንዳንዱ አስተያየት ቁጥር ይሰጠው። ዓምዶቹ፦ ቁጥር፣ የተናጋሪው ዓይነት (ነጋዴ፣ ተከራይ፣ ባጃጅ ነጂ፤ ስም አይጻፍ)፣ ቦታው በካርታ ላይ፣ የተባለው፣ መልሱ (ተቀባይነት አገኘ፣ በከፊል፣ አላገኘም)፣ ምክንያቱ። «አላገኘም» የሚለው ረድፍ ባዶ ከሆነ መዝገቡ ውሸት ነው፤ ሁሉንም የተቀበለ ዕቅድ የለም። ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ «በጀት የለም» ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ያስፈልግ እንደነበር ይጨመር።

በ15 ቀን ውስጥ መዝገቡን መልሳችሁ አምጡ። በቀበሌው፣ በቀፊራ በሮች፣ በጣቢያው ፊት ተለጥፎ ይታይ፤ ማንበብ ለማይችሉ በየቋንቋው ይነበብ። ሰው የራሱን ቁጥር ሲያገኝ ለሚቀጥለው ስብሰባ ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል።

9. ሥዕሉ

2 ወይም 3 አማራጭ ሥሩ፤ ከነዚህ አንዱ «ጥቂት የሚነካ» ይሁን። ለመነሻ የሚሆኑ ልኮች፦ ገበያ ባለበት መንገድ የእግረኛው ንጹሕ ስፋት 3 ሜትር፣ በሌላው 2 ሜትር። ለእሳት አደጋ መኪና ያልተዘጋ 4 ሜትር። ለዊልቸር መወጣጫ በ12 ሜትር ርዝመት ከ1 ሜትር ያልበለጠ ከፍታ። የመጋላ ጠባብ መተላለፊያዎች 4 ሜትር ባይኖራቸው ማፍረስ ግዴታ አይደለም፤ የእሳት ማጥፊያ ውኃ መያዣ ነጥብ በየመግቢያው አድርጉና የቧንቧው ርዝመት የሚደርስበትን ለኩ።

ፍሳሹ ክፍት ከሆነ ቆሻሻ ይጣልበታል፣ ዝግ ከሆነ ማጽዳት አይቻልም። የሚያዋጣው በ2 ሰው የሚነሣ የኮንክሪት ክዳን ነው፤ ርዝመቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፣ መያዣ ብረት ይኑረው። በየ25 ሜትር የአሸዋ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ይኑር፤ የድሬ ጎርፍ አሸዋ ይዞ ነው የሚመጣው። ጫት ተራ አጠገብ ከቱቦው አፍ ላይ ወንፊት ብረት ግጠሙ፤ ገራባና ፌስታል አብረው ከገቡ እንደ ጭድና ጭቃ ይጠነክራሉ። ንጣፍ ሠሪ ክዳኑ ላይ ሴራሚክ ለጥፎ ሲያሳምረው ካያችሁ አስቁሙት፤ በመጀመሪያው ጎርፍ ክዳኑን የሚከፍት አይገኝም።

ዛፍ፦ 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ፣ በየ6 እስከ 8 ሜትር። ኒም ሙቀቱን ይችላል፤ ከፍሳሽ መስመር ግን 2 ሜትር ይራቅ። የመጀመሪያዎቹን 2 በጋ በሳምንት 2 ጊዜ 20 ሊትር ውኃ ይፈልጋል። ይህን ውኃ ማን እንደሚያጠጣ ሳይወሰን መትከል ገንዘብ መቅበር ነው። ፊት ለፊቱ ሱቅ ላለው ሰው በስሙ ቢሰጥ የተሻለ ይጸድቃል።

10. ሕጉ

በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት የአካባቢ ልማት ዕቅዱ ከመላ ከተማው መዋቅራዊ ዕቅድ ጋር ይጣጣም፤ ከመጽደቁ በፊትም ለሕዝብ ውይይት ይቅረብ። ድሬዳዋ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ቻርተር ያላት ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ ከተማ ስለሆነች ዕቅዱ የሚቀርበው ለአስተዳደሩ ምክር ቤት ነው።

የሚነሣ ሰው ካለ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይመለከታል። ባለይዞታው ቦታውን ከማስረከቡ ቢያንስ 1 ዓመት አስቀድሞ ስለ ፕሮጀክቱ እንዲወያይ ያዛል፤ የማስለቀቂያው ትእዛዝ ከደረሰው በኋላ ቅሬታ ለማቅረብ 30 ቀን ይሰጠዋል። አዋጁ በኋላ ስለተሻሻለ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አንብቡ። እዚህ ላይ የሚፈጠረው የተለመደ ስህተት በደረጃ 6 ጠረጴዛ ላይ የተደረገውን ውይይት የሕጉ ውይይት አድርጎ መቁጠር ነው። ያ ስለ ከተማው ነበር፤ ይሄ ስለ ሰውየው ቤት ነው፣ በደብዳቤ፣ በፊርማና በቀን ለብቻው ይደረጋል።

11. የግንባታው ተራ

ቁፋሮ በጥቅምት ጀምሩ፤ የበልጉ ዝናብ በመጋቢት ሳይመጣ ከመሬት በታች ያለው ሁሉ ይለቅ። ከሐምሌ እስከ መስከረም በደቻቱ ዳር ክፍት ጉድጓድ አይኑር። ለንግድ መንገዶች ረመዳንን፣ ከዒድና ከእንቁጣጣሽ በፊት ያሉትን 3 ሳምንታት አትንኩ፤ ነጋዴው የዓመቱን ገቢ የሚሰበስበው ያኔ ነው።

መንገዱን በግማሽ በግማሽ ሥሩ። ሻጮቹ የሚዛወሩበት ጊዜያዊ ቦታ ከ300 ሜትር አይራቅ፤ ውኃ፣ ጥላና መጸዳጃ ሳይኖረው አንድም ሰው አይዛወር። በቁጥር የተሰጠ የመመለሻ ካርድ በእጃቸው ይሁን፤ ካርዱ ላይ የድሮው ቦታ ቁጥርና ስፋት ይጻፍ።

ከንጣፍ በፊት የውኃ፣ የመብራት፣ የቴሌና የፍሳሽ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ ወረቀት ላይ አስፈርሙ። በየ50 ሜትሩ መንገዱን የሚያቋርጥ 110 ሚሊ ሜትር ባዶ ፒቪሲ ቱቦ ቅበሩ፤ ጫፎቹን ዝጉና በንጣፉ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ። ይህ ዋጋው ትንሽ ነው። ካልተደረገ ግን አዲሱ ንጣፍ በ6 ወሩ ለአንድ የውኃ መስመር ተቆፍሮ፣ በቀይ አፈር ተሞልቶ፣ ሰምጦ ይቀራል።

12. ከምረቃ በኋላ

በ6ኛውና በ12ኛው ወር እንደገና ቁጠሩ፤ በደረጃ 3 ቅጽ፣ በዚያው ጥግ፣ በዚያው ሰዓት። የጠመኔውንም የጥላ መስመር ድገሙ። ቲማቲም ሻጯ የታቀደላት ቦታ ላይ ካልሆነች መጀመሪያ የምትመለከቱት ደንብ አስከባሪውን ሳይሆን ጥላውን ነው፤ ልኬቱን ያዙና መዝገቡ ላይ አዲስ ቁጥር ክፈቱ።